የንጉሥ ዘርማን አልጋ ጠባቂ

በአርሙንዳ ምድር ሰባቱ አውራጃዎች ዘርማንን በመረጡበት ዕለት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ የዙማት ወንዝ ቆመ። አልደረቀም፤ አልጎደለም፤ ዝም ብሎ ቆመ። ውኃው ረግቶ፣ ዓሦቹ በመካከሉ ተንሳፍፈው፣ በመናገሻዋ በሸንበላ ድልድይ ላይ ለደስታ የተሰለፈው ሕዝብ በወንዙ ወለል ላይ ያሉትን ጠጠሮች አንድ በአንድ ማየት ቻለ። ከበሮው ተቋረጠ። እናቶች ልጆቻቸውን አቀፉ። አንድ ሰው ረጋ ብሎ እስከ መቶ ድረስ ሊቆጥር የሚችልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ውኃው እንደ ቆሰለ በሬ አጓርቶ መፍሰሱን ቀጠለ።

የመዛግብቱ አለቃ ሽማግሌው ኤልዳድ ወደ አዲሱ ንጉሥ ቀርቦ ጎንበስ አለ። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህ የምንጩ ደጅ መላላቱን የሚናገር ምልክት ነው። ጉመ ዘንዶ ነቅቷል።»

ከዙማት ምንጭ በላይ፣ በረዶ በማይለየው በአርዳል ተራራ ሆድ ውስጥ፣ ጉመ ዘንዶ የሚባል ፍጡር ከጥንት ጀምሮ ተኝቶ ነበር። ሥጋ የለውም፤ አካሉ ጉም ነው፤ እስትንፋሱ የነካው ሕያው ሁሉ ከእግሩ ጀምሮ ቀስ በቀስ ድንጋይ ይሆናል፤ ጉሙ ሙሉ በሙሉ የዋጠው ግን ወዲያው ይደነድናል። የአርሙንዳ የመጀመሪያ ጠቢባን በዋሻው አፍ ላይ የድንጋይ ደጅ ሠርተው ዘጉበት፤ ደጁንም በአንድ የብር ማኅተም አሰሩት። ማኅተሙን ግን ለሁለት ሰነጠቁት። አንዱን ግማሽ ለንጉሡ ሰጡ፤ ሌላውን ንጉሡ በገዛ አፉ ለሚሾመው አልጋ ጠባቂ፣ ማለትም ንጉሡ ቢሞት ወይም መግዛት ቢሳነው በቦታው ለሚተካው ሁለተኛ ሰው። ደጁ በላላ ጊዜ ሁለቱ አብረው መውጣት አለባቸው። ንጉሡ ከደጁ ወዲያ በዋሻው ውስጥ፣ አልጋ ጠባቂው ከደጁ ወዲህ በውጭ ቆመው፣ ግማሾቹን በደጁ መቃን ላይ በተቀረጹት ጎድጓዳዎች በአንድ እስትንፋስ ይጫኗቸዋል፤ ደጁም ከላይ መውረድ ሲጀምር ንጉሡ ዘሎ ይወጣል። አንድ ሰው ብቻውን ሊዘጋው አይችልም። ጠቢባኑ ብቻውን የሚገዛ ንጉሥ እንዲኖር አልፈለጉም ነበርና።

ዘርማን የአርባ አራት ዓመት ሰው ነበር፤ ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ የጦር አለቃ የሆነ፣ የወታደሮቹን ስም ከነአባቶቻቸው የሚያውቅ፣ ተቆጥቶ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ሰባቱ አውራጃዎች የመረጡትም ስለሚወዱት ነው። እሱ ደግሞ አልጋ ጠባቂው ማን እንደሚሆን ገና ሳይመረጥ በልቡ ወስኖ ነበር። የላሎ ግድብ ሹም የሆነችውን የሃያ ስድስት ዓመቷን ሰምራን፤ ለእሷም ቃል ገብቶላት ነበር።

ትውውቃቸው ከሦስት ዓመት በፊት ይጀምራል። ዘርማን በጎርፍ ወራት ሠራዊቱን ይዞ ዙማትን ሊሻገር ሲል፣ አንዲት እስከ ጉልበቷ ጭቃ የለበሰች ወጣት ከግድቡ ወርዳ በመኮንኖቹ ፊት ቆመች። «ጌታዬ፣ ዛሬ ከገቡ ግማሹን ሰው ያሰጥማሉ። ሁለት ቀን ይጠብቁ» አለችው። መኮንኖቹ ሳቁ። ዘርማን ግን ውኃውን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያም ድንኳን እንዲተከል አዘዘ። በሁለተኛው ቀን ሠራዊቱ አንድ በቅሎ እንኳ ሳይጎድልበት ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ነገር ሲከብደው ወደ ላሎ ብቅ ይል ነበር፤ እሷም ሊሰማው የማይፈልገውን ነገር ሳትሸሽግ ትነግረው ነበር።

ነገር ግን በዘውዱ ዋዜማ ታላላቆቹ ሰዎች ወደ ዘርማን ገቡ። «ከሰባቱ አውራጃዎች ሁለቱ በመስፍን ጎራምስ እጅ ናቸው፤ ሦስት ሺህ ፈረሰኛም አለው» አሉት። «እሱን ከሾሙ መንግሥትዎ ይጸናል። የግድብ ሹም ከሾሙ ግን የሰሜን ሰዎች ተናቅን ብለው ያኮርፋሉ።» ዘርማን ሲያዳምጥ ዋለ፤ ሲመሽ እሺ አለ።

በማግስቱ ማለዳ ሰምራን ራሱ ወደ አትክልት ስፍራው አስጠራት። ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለገም።

«ቃሌን ላጥፍብሽ ነው» አላት። «አልጋ ጠባቂነቱን ለጎራምስ ሰጥቻለሁ።»

«ስለ እኔ አይዘኑ፤ እኔ ግድቤ አለኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ጎራምስ ወደ አርዳል አብሮዎት ይወጣል?»

«በማኅተሙ ምሎልኛል።»

«መሐላ ሲምል ዓይኑን አይተውታል?»

ወደ ዙፋኑ አዳራሽ የሚጠራው መለከት ተነፋ፤ እሷም እጅ ነሥታ ሄደች።

*

ጎራምስ የተሾመ ዕለት ቀይ የከፋይ ካባ ለብሶ፣ ግማሹን ማኅተም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሲያዩት የሚያስፈራ ሰው ነበር። ንጉሡ «በዚህ ሳምንት ወደ አርዳል እንውጣ» ሲለው «ሰብሉ ይግባ» አለ። ሰብሉ ሲገባ «ፈረሰኛው ይሰብሰብ» አለ። ፈረሰኛው ሲሰበሰብ ታመምኩ ብሎ ተኛ። ጉሙም በዚያ ሁሉ ጊዜ ከተራራው ወደ ታች እየተንሸራተተ ነበር። ዘርማን በነገሠ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ቀጨሞ ከምትባል የተራራ ሥር መንደር አንድ ሰው እየተንገዳገደ መጣ። ሠላሳ ስድስት ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ እንዳሉ፣ ሸክማቸው ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ ድንጋይ ሆነዋል አለ።

ዘርማን ወደ ጎራምስ ቤት ሄዶ በሩን አንኳኳ። አልተከፈተለትም። ንጉሡ ከተዘጋው በር ፊት ጥቂት ቆመ። ከዚያም ስድስት ወታደር ብቻ አስከትሎ፣ የራሱን ግማሽ ማኅተም ብቻ ይዞ፣ ወደ አርዳል ጉዞ ጀመረ።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ከስድስቱ አንዱ፣ ጫማው ተበጣጥሶ፣ ላሎ ግድብ ደረሰ። ሰምራ ውኃ ሰጥታ አስቀመጠችው።

«ንጉሡ ከደጁ ወዲያ ገብቶ ግማሹን ማኅተም ከጎድጓዳው አሳረፈ» አላት ወታደሩ። «ደጁ ግማሽ ድረስ ወረደና ቆመ። እጁን ካነሣ ተመልሶ ይከፈታል፤ ስለዚህ እንደ ያዘው ነው። ጉሙ እየጠበበ ነው የሚወጣው፤ ግን እግሩን ነክቶታል። እኛን፣ ከቀጨሞ የተረፉትን ሕፃናት ተሸክማችሁ ውረዱ ብሎ አባረረን።»

«ለእኔ ምን አለ?»

«ለሰምራ ንገሯት፣ ጎራምስ አልመጣም፤ የሸለቆውን ሰው ታውጣ ብሏል።»

ሰምራ ተነሣች። የሸለቆውን ሰው የማውጣቱን ሥራ ለታላቅ ወንድሟ ሰጠችና ፈረስ ጫነች። በሚቀጥለው ቀን ረፋድ ላይ የሰባቱ አውራጃዎች ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት በሸንበላ አዳራሽ መካከል ቆመች። ጎራምስ በሽታው ለቆት በዙፋኑ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ንጉሡ መግዛት ስለተሳነው ዙፋኑ በሕግ ይገባኛል እያለ ነበር።

ሰምራ ጭቃዋን እንኳ ሳታራግፍ ተናገረች። «የሰባቱ አውራጃ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ስሙኝ። ንጉሣችሁ አልታመመም፤ አልሸሸም። በዚህች ሰዓት ደጁን በእጁ ደግፎ ይዞታል። ይህ አዳራሽ እስካሁን ድንጋይ ያልሆነው እሱ ስለቆመ ነው። ሕጉ አልጋ ጠባቂው ንጉሡን ይተካ ይላል፤ ከዚያ በፊት ግን አብሮት ይውጣ ይላል። መስፍን ጎራምስ ሆይ፣ ፈረስዎ ተጭኗል። ይነሡና እንውጣ!»

ጎራምስ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ተነሣ። ሊቆጣ ነው ብለው ሲጠብቁ ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

«አባቴ አዳኝ ነበር» አለ። «የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ በደጁ ስንጥቅ አጠገብ ሲያልፍ ጉሙ ነካው። ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ከእግሩ እስከ አንገቱ ሲደነድን አየሁ። እስከ መጨረሻው ያናግረኝ ነበር። ወደዚያ ተራራ አልወጣም። ግደሉኝ፤ አልወጣም!»

ሰምራ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችለት። «ታዲያ ይህን በሹመትዎ ቀን ለምን አልተናገሩም?» አለችው ዝግ ብላ።

ጎራምስ ማኅተሙን ከአንገቱ በጥሶ ወለሉ ላይ ወረወረው። «የፈለገ ይውሰደው! ግን ያልተሾመ እጅ ሲይዘው ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

ያውቁ ነበር። ማኅተሙ የሚታዘዘው በንጉሡ አፍ ለተሾመ ሰው ብቻ ነው፤ የሌላውን እጅ ያደነድነዋል። ሰምራ ጎንበስ ብላ በቀኝ እጇ አነሣችው። ብርዱ እስከ ክርኗ ዘለቀ። በጨርቅ ብትጠቀልለውም ብርዱ አልቀነሰም።

ከአዳራሹ ስትወጣ አንድ ሰው ከኋላዋ ተከተላት። የጎራምስ የፈረሰኛ አለቃ ዱልሜ ነበር፤ ሃያ ዓመት ጌታውን ያገለገለ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው። ጎራዴውን ፈትቶ በደረጃው ላይ አስቀመጠ። «ይህ የጌታዬ ነው» አለ። «ክንዴ ግን የራሴ ነው። አብሬሽ እወጣለሁ።»

*

መንገዱ በጉም ተዘግቶ ስለነበር በውኃ መሄድ ግድ ሆነ። ጉመ ዘንዶ ምንጩን እየጠጣ ወንዙ ስለደከመ ሽቅብ መቅዘፍ ይቻል ነበር። ይህን ሊደፍር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዙማትን ለአምሳ ዓመት የቀዘፈው አያ ሸንቆ።

«አያ ሸንቆ፣ ላትመለስ ትችላለህ» አለችው ሰምራ ታንኳው ዳር ቆማ።

«አንቺስ?» አላት መቅዘፊያውን እያነሣ። «ግቢ፣ ቀኑ ይሄዳል።»

ሁለት ቀን ሙሉ ቀዘፉ። ዱልሜ መቅዘፍ አያውቅም ነበር፤ አያ ሸንቆ እየተሳደበ አስተማረው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ዳርቻው ዝም እያለ ሄደ። ከቁጥቋጦው ወፍ አይጮኽም፤ ከሣሩ ፌንጣ አይዘልም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከሰማይ አንድ ነገር ጧ ብሎ ውኃው ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ብዙ። እየበረሩ ሳሉ ጉሙ የዋጣቸው ሽመላዎች ድንጋይ ሆነው ይወድቁ ነበር። ዱልሜ ጋሻውን ከሰምራ በላይ ዘረጋ። አንዱ ሽመላ የታንኳውን ሆድ በስቶ ገባ፤ በቀዳዳውም ውኃ ሞላ። ሦስቱ በዋና ወደ ዳር ወጡ። አያ ሸንቆ አምሳ ዓመት የኖረባት ታንኳ ስትሰጥም ዞሮ አየ፤ ከዚያም ከፊታቸው ቀድሞ ዳገቱን ተያያዘው።

እኩለ ቀን ሲሆን ሰምራ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ማጠፍ አቃታት። ጨርቁን ፈትታ አየች። ትንሿ ጣቷና ከእሷ ቀጥሎ ያለችው እንደ አመድ ነጥተው ደንድነዋል። ዱልሜ አይቶ «ለእኔ ስጪኝ፤ ተራ በተራ እንያዘው» አላት።

«አንድ እጅ ከተበላ ይበቃል» ብላ መልሳ ጠቀለለችው።

ደጁ ዘንድ ሲደርሱ ጉሙ እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ እግራቸውም መክበድ ጀመረ። ትልቁ የድንጋይ መዝጊያ ከላይ እስከ ግማሽ ወርዶ ተንጠልጥሏል። ከታቹ ባለው ክፍተት በኩል ንጉሥ ዘርማን ይታያል። ቀኝ እጁን በግማሹ ማኅተም ላይ ተጭኖ፣ ጀርባውን ለጨለማው ሰጥቶ ቆሟል። እስከ ወገቡ ድረስ ግራጫ ድንጋይ ሆኗል፤ ከወገቡ በላይ ግን ራሱ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኖቹ ግን ንቁ ነበሩ።

«የሸለቆውን ሰው አውጪ ብዬ ነበር የላክሁብሽ» አላት።

«ወንድሜ እያወጣቸው ነው።»

«አሁንም አልታዘዝ አልሽኝ ማለት ነው» አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው ላይ ቁጣ አልነበረበትም።

ዱልሜ በክፍተቱ ሥር ሾልኮ የንጉሡን ወገብ አቅፎ ሳበ። ደም ሥሩ እስኪገተር ሳበ። ንጉሡ ከዋሻው ወለል ጋር አንድ አለት ሆኖ ነበር። «ተው ዱልሜ» አለው ዘርማን። «ብዙ ጊዜ የለንም፤ ሰምራ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

አሳየችው። ንጉሡ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያም ድምፁን ሰብስቦ፣ በዙፋን አዳራሽ እንደቆመ ሰው ተናገረ።

«ሹመት ሁለት ሕያዋን ምስክሮችና የዙማት ውኃ ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች አሉ፤ ውኃውም ከሥራችን ነው። እኔ የአርሙንዳ ንጉሥ ዘርማን፣ ጎራምስን ከአልጋ ጠባቂነት ሽሬ የላሎዋን ሰምራን ሾሜያለሁ። ከእኔ በኋላ ዙፋኑ የእሷ ነው። ትመሰክራላችሁ?»

«እንመሰክራለን» አለ ዱልሜ። አያ ሸንቆ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ «እመሰክራለሁ ልጄ» አለው ንጉሡን።

በዚያች ቅጽበት በሰምራ እጅ ውስጥ ማኅተሙ ሞቀ። ድንጋይነቱ እየወጣባት ከነበረበት አንጓ ላይ ቆመ። ሁለቱ ጣቶቿ ግን እንደ ነበሩ ቀሩ።

«ማኅተሙን ብንጫን ደጁ ይወርዳል» አለች። «እርስዎ አይወጡም።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ መንገድ እንፈልግ። መሮ እናምጣ፤ ድንጋዩን ፈልፍለን…»

«ሰምራ፣ እዚህ ቆሜ አራት ቀን ሙሉ አስቤበታለሁ» አላት። «ያን ዕለት በአዳራሹ ስምሽን ብጠራ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት እንወጣ ነበር። ያን ጊዜ ደጁ ገና መሰንጠቁ ነበር፤ ጉሙም ገና ከዋሻው አልወጣም። ማኅተሙን ተጭነን፣ እኔም ዘልዬ ወጥቼ፣ ስንወርድ ቀጨሞ ላይ ጠላ እንጠጣ ነበር። እነዚያ ሠላሳ ስድስት ሰዎች ከገበያ ቤታቸው ይገቡ ነበር። የሰሜን ሰዎች አንድ ክረምት ያኮርፋሉ፤ ከዚያ ይተዉታል። አሥራ ሁለት ዓመት ገዝቼ፣ በየአውራጃው ድልድይ ሠርቼ፣ አርጅቼ ወደ እርሻዬ እገባ ነበር። ሦስት ሺህ ፈረስ ያጸናኛል ብዬ ያን ሁሉ ሸጥኩት።» ትንፋሹን ሳበ። ድንጋዩ ወደ ደረቱ እየወጣ ነበር። «ለመጸጸት የተረፈኝ ጊዜ አጭር ነው፤ በሥራ ላውለው። ቦታሽን ያዢ።»

ሰምራ በደጁ ወዲህ ካለው ጎድጓዳ ፊት ቆመች።

«ፈርቻለሁ» አለች።

«እኔም። በሦስት እንጫን። አንድ…»

«ንጉሥ ሆይ…»

«ሁለት። ሕዝቡን አደራ። ሦስት!»

ሁለቱ ግማሾች በአንድ እስትንፋስ ተጫኑ። ተራራው ከሥሩ ጮኸ። ጉሙ እንደ ተቆረጠ እባብ ተጠማዝዞ ወደ ዋሻው ተሳበ፤ መዝጊያውም ወረደ። ሰምራ ከመዝጊያው ሥር የዘርማንን ፊት እስከ መጨረሻው አየችው፤ ዓይኑን አልጨፈነም። ከዚያ ድንጋይ ከድንጋይ ገጠመ፤ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎም ከእግራቸው ሥር የዙማት ምንጭ ፈንድቶ፣ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ወደ አርሙንዳ ወረደ።

ሦስቱ ሰዎች ደጁን ተደግፈው አለቀሱ። ዱልሜ ግንባሩን ከመዝጊያው አስደግፎ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው እንደሚሰማው ሁሉ፣ «ተዘግቷል ጌታዬ፤ ተዘግቷል» ይል ነበር።

*

ጉሙ ነክቷቸው ድንጋይነቱ እስከ ልባቸው ያልደረሰባቸው ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሡ። የቀጨሞዎቹ ሠላሳ ስድስት ሰዎች አልተነሡም። ሰምራ ሸንበላ ስትገባ ጎራምስ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ቀዩን ከፋይ አውልቆ፣ ቅጣቱን ይጠብቅ ነበር። አልገደለችውም። ቀጨሞ እንዲኖር፣ ለእነዚያ ሠላሳ ስድስት ሰዎች ከፀሐይና ከዝናብ መጠለያ በገዛ እጁ እንዲሠራላቸው፣ የቤተሰቦቻቸውንም እርሻ እንዲያርስ ፈረደችበት። ሰዎች እንደሚሉት ጎራምስ ተራራው ሥር በተኛባቸው የመጀመሪያ ሌሊቶች ይጮኽ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ግን ጩኸቱን ተወ፤ ሥራውንም ሳያቋርጥ ሠራ።

ንግሥት ሰምራ በነገሠች በሳምንቱ ታላላቆቹ ሰዎች ከመዛግብቱ አለቃ ከኤልዳድ ጋር ወደ እሷ ቀረቡ። የንጉሥ ዘርማን ታሪክ ሊጻፍ ነበር።

«ንግሥት ሆይ» አሉ፣ «ስለ ጎራምስ ሹመት ባይጻፍ ይሻላል። ታላቅ ንጉሥ ነበርና ስሙ አይጉደፍ።»

«ጻፍ፣ አባ ኤልዳድ» አለች ሰምራ። «አርባ ቀን ነገሠ ብለህ ጻፍ። በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛውን ሰው ሲመርጥ ተሳሳተ በል። ስሕተቱን ሲያውቅ በሌላ ሰው ላይ አላላከከም፤ ራሱ ወጣ፤ አራት ቀንና አራት ሌሊት ደጁን ብቻውን ያዘ፤ ሕዝቡንም በሕይወቱ አዳነ በል። ስሕተቱን ከደበቅህበት የከፈለውም አይታይም።»

ኤልዳድ ጻፈ። የመቃ ብዕሩ ብራናው ላይ ሲንሸራተት ድምፁ በአዳራሹ ሙሉ ይሰማ ነበር። ከዚያም ቀና ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ አባት እንጂ እንደ ጸሐፊ ባልሆነ ድምፅ ጠየቃት።

«ልጄ፣ መጀመሪያውኑ አንቺን ቢመርጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ለሚመጣው ትውልድ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሰምራ ሁለቱን የድንጋይ ጣቶቿን በግራ እጇ ያዘች።

«ይህን ማንም አያውቅም» አለች። «ምናልባት እኔም እዚያ ደጅ ፊት ስደርስ እግሬ ይከዳኝ ነበር። ምናልባት የሰሜን ሰዎች ሸፍተው ሌላ ደም ይፈስ ነበር። ይህን እንደ ትንቢት አትጻፍብኝ። ብቻውን ግን አይወጣም ነበር።»